ጫካው ክፍት፣ መንገዱ ዝግ

በፈረንጆቹ 2020 ጸደይ፣ ኮሮና በገባ ሰሞን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የወጣ አንድ ክልከላ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ዛሬም ድረስ ያጨቃጭቀናል። ገዢው ራልፍ ኖርዘም ማርች 30 «ቤታችሁ ተቀመጡ» የሚለውን ትዕዛዝ ሲያወጡ የግል ካምፕ ማረፊያዎችንም አልረሷቸውም። ከ14 ሌሊት በታች ለሚያድር ሰው ቦታ ማከራየት ተከለከለ። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ይቻላል። ቅዳሜና እሁድን ድንኳን ውስጥ ልደር ያለ ሰው አይፈቀድለትም፤ ወር ሙሉ ልክረም ያለውን ማንም አይነካውም።

«ቫይረሱ ሌሊት ይቆጥራል እንዴ?» አለ ሊሞ የሚነዳው ጓደኛዬ። ስልክ ላይ ነበርን። ያን ሰሞን ሁላችንም ስልክ ላይ ነበርን። ኤርፖርቱ ጭር ብሏል፣ ጥቁር መኪናው በር ላይ ቆማለች፣ እሱ ቀኑን ሙሉ ዜና እያነበበ ይናደዳል።

ላይ ላዩን ሲያዩት በእርግጥ ያስቃል። ግን እዚህ አገር ካምፕ ማረፊያ የሽርሽር ቦታ ብቻ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በተጎታች ቤት እዚያው የሚኖር ሰው አለ። ጡረተኛ አለ። ሥራ ባለበት ሁሉ እየዞረ የሚያድር የግንባታ ሠራተኛ አለ። የቤት ኪራይ አልቻል ብሎት የገባም አለ። እነሱን «ውጡ» ማለት ጎዳና ላይ መበተን ነው። ስለዚህ ትዕዛዙ የሚኖረውን ትቶ የሚመላለሰውን ያዘ። ድንኳኑ ማንንም አልጎዳም። ጣጣው ያለው ከቤት እስከ ድንኳኑ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ይህንን ለጓደኛዬ ሳስረዳው «አንተ ደግሞ የመንግሥት ቃል አቀባይ ሆነሃል» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

የቤታችንን ሁኔታ ልንገራችሁ። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው፤ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት። ባለቤቴ ነርስ ናት። ሁለተኛዋ ልጃችን የተወለደችው ዓለም ሊዘጋጋ ትንሽ ሲቀረው ነው። አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ከጥምቀት በኋላ ከአዲስ አበባ መጡ። ገንፎ፣ አጥሚት፣ የሕፃን ማሸት፣ ሁሉንም ይዘው መጡ። በጁን ሊመለሱ ትኬታቸው ተቆርጦ ነበር።

ከዚያ ማርች መጣ። ኢትዮጵያ ከማርች 23 ጀምሮ የሚገባውን መንገደኛ በራሱ ወጪ ሆቴል ውስጥ 14 ቀን ማቆየት ጀመረች። አማቴ ስኳር አለባቸው። ዕድሜያቸውም ስድሳን አልፏል። ለግማሽ ቀን አውሮፕላን ውስጥ ታፍነው፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ሆቴል ውስጥ ብቻቸውን? አይሆንም አልን። የቪዛ ማራዘሚያ ቅጹን ሞልተን ላክን።

የምሠራበት ሆቴል ስለዘጋ እኔም ቤት ነኝ። የመጀመሪያው ልጃችን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ በዙም ይማራል። ሕፃኗ ታለቅሳለች። ባለቤቴ የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ወደ ሆስፒታል ተመለሰች። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ኮሪደር ላይ ታወልቃለች፣ የሥራ ልብሷን ፌስታል ውስጥ ትከታለች፣ ቀጥ ብላ ሻወር። እናቷን ከሩቅ ነው ሰላም የምትላቸው። እናትና ልጅ አንድ ቤት ውስጥ በማስክ ያወራሉ። አንድ ቀን አማቴ «ከዚህስ አዲስ አበባ ሆኜ በስልክ ባወራሽ ይሻለኝ ነበር፤ ፊትሽን አይ ነበር» አሏት። ማናችንም መልስ አልነበረንም።

የፋሲካን ቅዳሴ ሶፋ ላይ ተቀምጠን በዩቲዩብ ተከታተልን። በየዓመቱ ሐበሻ ከየስቴቱ የሚሰበሰብበት የእግር ኳስ ሳምንትም ተሰረዘ። ካምፒንግ እንሂድ ያለችው ባለቤቴ ናት። ልምዱ ኖሯት አይደለም። «ማስክ ሳላደርግ ከእናቴ ጋር የምቀመጥበት ሜዳ ፈልግልኝ» ነው ያለችኝ።

ታዲያ ሜዳው ሁሉ ዝግ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ገና ከጅምሩ ነው። ማርች 18 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዴቪድ በርንሃርት ሰው አየር ያግኝ ብለው የብሔራዊ ፓርኮችን መግቢያ ክፍያ አነሱ። ሐሳቡ ደግ ነው። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ቢሮ የተዘጋበት፣ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ሕዝብ ሁሉ ወደ ፓርክ ጎረፈ። የመኪና ማቆሚያው ሞላ፣ ጠባቡ የእግር መንገድ ላይ ሰው በሰው ላይ ተረማመደ። የሎውስቶን ማርች 24 ተዘጋ። ግራንድ ካንየን ኤፕሪል 1 ተከተለ። ለእኛ ቅርብ የሆነው የቨርጂኒያው ሸናንዶዋ ኤፕሪል 8 ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። የሸናንዶዋን መዘጋት የጠየቀው የአካባቢው ጤና ክፍል ነው። ከሜይን እስከ ጆርጂያ የሚዘልቀው የአፓላቺያ የእግር መንገድ ጠባቂ ድርጅትም ወራት ለመጓዝ የተነሱትን ሳይቀር ወደ ቤታችሁ ተመለሱ ብሎ ለመነ።

«ጫካ ውስጥ ማን ያስይዘኛል?» የሚለው ጥያቄ በየስልኩ ነበር። ዛፍ በእርግጥ አያስይዝም። ግን የእግረኛው ስንቅ በየጥቂት ቀኑ ያልቃል። ያን ጊዜ መንገድ ዳር ካለች ከተማ ይገባል፤ ሱቅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ርካሽ ማደሪያ። ነገ ደግሞ ቀጣዩዋ ከተማ። ከተሞቹ ትንንሽ ናቸው። ያላቸው ክሊኒክ ነው፤ ሆስፒታል ቢኖር እንኳ የጽኑ ሕሙማን አልጋው በጣት የሚቆጠር ነው። ነዋሪው በብዛት ሽማግሌ ነው። ከዋሽንግተን ቅዳሜ ጠዋት የሚነሳው መኪና ሁሉ እነሱ ጋ ነዳጅ ይቀዳል፣ እነሱ ጋ ሽንት ቤት ይጠቀማል፣ እነሱ ጋ በረዶ ይገዛል። ባለቤቴ ይሄ ወዲያው ነው የገባት። የአልጋ ቁጥር የሚያስጨንቀው ሰው ሌላ ዓይን አለው።

ሰዉም እርስ በርሱ መጠራጠር ጀመረ። ሮድ አይላንድ ፖሊሶቿን አሰማርታ የኒው ዮርክ ታርጋ ታስቆም ጀመር። ደላዌር ከሌላ ስቴት የሚመጣውን ሁሉ 14 ቀን ተገልለህ ተቀመጥ አለች። እኛ ዘንድ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ከቤት መውጣት እስከ 5,000 ዶላር ወይም እስከ አንድ ዓመት እስር ያስቀጣ ነበር። ይሄ ሁሉ አሜሪካ ውስጥ ነው እንግዲህ። አማቴ ዜናውን ስተረጉምላቸው «ይለፍ ወረቀት ተጀመረ በሉኛ» አሉ። የደርግን ዘመን ያየ ሰው ኬላ ሲባል የሚታየው ነገር አለ።

ሜሪላንድ ቀድማ ላላ አለች። ገዢው ላሪ ሆጋን ከሜይ 7 ጀምሮ ጎልፍ፣ ቴኒስ፣ ዓሣ ማጥመድና ካምፒንግ ፈቀዱ። ሰው እንደ ጎርፍ ወጣ። እኛም ለመለማመጃ ብለን አንድ እሑድ ወደ ካኒንግሃም ፎልስ ሄድን። ለሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ይህ ፓርክ አዲስ አይደለም። አንድ ሰዓት ገደማ መንገድ ነው፤ ፏፏቴ አለው፣ ሐይቅ አለው፣ ጥብስ መጥበሻ አለው። በሩ ላይ ስንደርስ ሞልቷል ተባልን። ገና ረፋድ ነው። የመኪናው ሰልፍ ተጠማዝዞ ዋናውን መንገድ ይዞታል፤ በየመስኮቱ የሚታየው ደግሞ እንደኛው የመጣ ስደተኛ ነው። ግቢ ያለው ፈረንጅ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል፤ አፓርትመንት የሚኖረው ነው ፓርክ ፍለጋ የተሰለፈው። ዞረን ተመለስን። ምሳችንን መኪናው ውስጥ በላን።

ሸናንዶዋ ሜይ 23 በከፊል ተከፈተ። መጀመሪያ የተከፈተው መንገዱ ነው፤ ማደሪያው ቆይቶ ነው። ለጁላይ ቢግ ሜዶውስ የሚባለው የፓርኩ ካምፕ ላይ ቦታ አገኘሁ። ያገኘሁት ሌላ ሰው ሲሰርዝ ጠብቄ ነው። ድንኳን ፍለጋው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ያን ሰመር ብስክሌትና ድንኳን ከሱቅ መደርደሪያ ጠፍተው ነበር። በመጨረሻ ያገለገለ ድንኳን ከአንድ ፈረንጅ ገዛን። ሰውዬው በረንዳው ላይ አስቀምጦልን፣ እሱ በመስኮት እያየ፣ ብሩን ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ጣልንለት።

አማቴ ነገሩ ሲነገራቸው ልጃቸውን ዝም ብለው አዩዋት። «ሜዳ ላይ ለማደር ነው የምትከፍሉት?»

ይህንን ጥያቄ እዚህ አገር ካምፒንግ የሄደ ሐበሻ ሁሉ ከአንድ ዘመዱ ሰምቶታል። የእሳቸው ግን በዚያ አላበቃም። ጥቂት አሰቡና «እኔኮ ሜዳ ማደር ብርቄ አይደለም» ብለው ጀመሩ። በወጣትነታቸው ቁልቢ በእግር ሄደዋል። ግሸን ላይ ድንጋይ ተንተርሰው አድረዋል። ከሁሉም ግን ከተራን ነው የሚያነሱት። ጥር 10 ታቦታቱ ወጥተው ጃንሜዳ ሲያድሩ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ካህናቱ ሌሊቱን ሲያሸበሽቡ፣ እሳቸው በነጠላ ተጠቅልለው ሣር ላይ። የጥር ብርድ አጥንት ይገባል። «ግን ሰው ነበራ» አሉ። «ሰው በሰው ይሞቃል። እናንተ ሰው የሌለበት ነው የምትሄዱት።»

በዚያው ሰሞን ጃንሜዳም ጃንሜዳ አልነበረም። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ሰው ተጨናነቀበት ተብሎ ወደዚያ ተዛውሯል። አማቴ በስልክ ቪዲዮ አዩት። ክረምት ነው፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ መሃሉ ላይ የሽንኩርትና የቲማቲም ክምር። ስልኩን ለልጃቸው መልሰው «ታቦት የሚያርፍበት ላይ?» አሉና ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ጉዞውን ያቀደችው ባለቤቴ ናት። የእሷ ሕግ ከገዢዎቹ ይጠብቅ ነበር። መንገድ ላይ መቆም የለም። ነዳጅ ከቤት ሞልቶ መውጣት። ምግብ፣ ውሃ፣ በረዶ፣ ሁሉም ከሲልቨር ስፕሪንግ። ለልጁ ፖፖ መኪና ውስጥ። ለአዋቂም ቢሆን መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ቻል። የገዛነው ብቸኛ ነገር እንጨት ነው። እሱንም ወደን አይደለም። ፓርኩ ከውጭ እንጨት ይዞ መግባት ይከለክላል፤ በሙቀት ታክሞ ማረጋገጫ ከተለጠፈበት በስተቀር። «አሽ» የሚባለውን ዛፍ የሚጨርስ አረንጓዴ ጢንዚዛ አለ፤ ከቦታ ቦታ የሚዛመተው ሰው በመኪና በሚጭነው ማገዶ ነው። አማቴ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «እንጨቱም ኳራንቲን አለበት በለኛ!»

የምግቡን ነገር ለእሳቸው ተውንላቸው። ፈረንጅ ለካምፕ የሚገዛውን ደረቅ ምግብ ዋጋ አይተው ጉድ አሉ። በሶ አላቸው። ዳቦ ቆሎ አላቸው። ድርቆሽ ራሳቸው በረንዳ ላይ አስጥተው አዘጋጅተዋል። ቅቤና ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ። እኔ ኩለር በበረዶ ሞልቼ ስጋ ስጠብቅ እሳቸው ማቀዝቀዣ የማይፈልግ የሳምንት ስንቅ በአንድ ከረጢት ይዘው መኪና ውስጥ ገቡ።

ቢግ ሜዶውስ ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው የፓርኩ ዋና መንገድ ላይ ማይል 51 ገደማ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ታች ዋሽንግተን በላብ ሲጠመቅ እዚያ ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። አማቴ ከመኪና ወርደው አየሩን ሳቡና «እፎይ» አሉ። ከመጡ ጀምሮ የአዲስ አበባን የመሰለ አየር ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ነው። አጋዘኖች በድንኳኖቹ መሃል ያለ ፍርሃት ይሄዳሉ።

የፓርኩ ጠባቂ፣ ሬንጀሯ፣ ከሩቅ ቆማ፣ ማስኳን አድርጋ፣ ስለ ድብ አስረዳችን። ሽታ ያለው ነገር ሁሉ መኪና ውስጥ ይቆለፋል። ምግብ ብቻ አይደለም፤ የጥርስ ሳሙና፣ ሎሽን፣ ሁሉም። ባለቤቴ ተረጎመችላቸው። አማቴ እጃቸውን ወደ ሻሻቸው ሰደዱ። ጠዋት ነበር ቅቤ የተቀቡት። «ራሴስ?» አሉ። ሬንጀሯ ምን እንደተባለ ጠየቀች፤ ባለቤቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ሳትመልስላት ቀረች። ያን ማታ አማቴ በእንጨት ጭስ የታጠነ ሻሽ ደርበው ድንኳኑ መሃል ላይ ተኙ። ድቡ አልመጣም።

እጅ መታጠቢያችን ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ነበር። ያን ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በየሱቁና በየባንኩ በር ላይ የተቀመጠው ዓይነት። ሳሙናውን በገመድ አንጠለጠልነው። አንድ ፈረንጅ ጎረቤት ቆሞ አይቶ አውራ ጣቱን አነሳልን።

አደጋው የነበረው ሽንት ቤቱ ላይ ነው። ሁሉም ሰው የሚጋራው ጣሪያ እሱ ብቻ ነው። ባለቤቴ ሰው ሳይነሳ በሌሊት፣ አለዚያም ሰው ምሳ ሲበላ ነበር የምትወስዳቸው። ማስክ፣ በሩን በወረቀት መያዝ፣ ቶሎ መውጣት። አማቴን የደነቃቸው ግን ሌላ ነው። «ጫካ ውስጥ ቀንና ሌሊት ውሃ አለ። እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው።» ይህንን ወደ አዲስ አበባ ሲደውሉ ሁሉ ያወሩ ነበር። መደወሉም ያኔ ቀላል አልነበረም። በዚያ ጁላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ተራራው ላይ ደግሞ ኔትወርክ የለም። እሳቸው ግን በዚህ አልተቸገሩም፤ «ከሁለቱም በኩል ጠፋ፤ ተገላገልኩ» አሉ።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ። ከዚያ ጉዞ ለእኔ የቀረው እሱ ነው።

ሊሞ ነጂው ጓደኛዬ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መጣ። እየተሳደበ መጣ፣ ግን መጣ። ፓርኩ በአንድ ቦታ ከስድስት ሰው በላይ አይፈቅድም። እሱም ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊታችን ያዘ። በመሃላችን አንድ መኪና የምታሳልፍ አስፋልት አለች። ባለቤቴ አስቀድማ በስልክ ተነጋግራ ነበር፦ እነሱ በወንበራቸው እኛ በወንበራችን፣ የየራሳችን ጀበና፣ የየራሳችን ሲኒ። ኢትዮጵያ ውስጥ በየቀኑ የሚነገረው «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» እዚህ ወደ አምስት እርምጃ አድጓል።

አማቴ ቡናውን በጋዝ ምድጃ ላይ ቆሉ። ጭሱ መውጣት ሲጀምር እንደ ልማዳቸው መቁያውን ይዘው ብድግ አሉ። እንግዳ እንዲያሸተው ሊያዞሩ ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደው አስፋልቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ትዝ አላቸው። ቆሙ። መቁያው በእጃቸው፣ ጭሱ ወደ ላይ። ማዶ የተቀመጠችው የጓደኛዬ ሚስትም በግማሽ ተነስታ ቆማለች። ማንም ምንም አላለም። ከዚያ ሴትዮዋ እዚያው በቆመችበት እጇን ዘርግታ፣ ነፋሱ ያመጣላትን ጭስ ወደ ፊቷ ማራገብ ጀመረች። «እሰይ! ቤት ያፍራ እማዬ!» ብላ ጮኸች። አማቴ መቁያውን ወደ እሷ ዘንበል አድርገው ትንሽ ነቀነቁላትና ተመለሱ።

አቦሉ ተቀዳ። ቶናው ተቀዳ። በየበኩላችን ጠጣን። ወሬው በጩኸት ነው፤ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ሥራ አጥ ድጎማ፣ ማን ታመመ፣ ማን ዳነ። ሐሜት በጩኸት አይሆንም፤ ስለዚህ ሐሜት አልነበረም። ወንዶቹ ልጆች መንገዱን እየተመላለሰች በምትሻገር ኳስ ተጫወቱ። አማቴ በረካውን ሲቀዱ «ይሄ ቡና ነው ለቅሶ?» አሉ ለልጃቸው በሹክሹክታ። ባለቤቴ ማስክ አላደረገችም ነበር። ከሥራ ከወጣች ቀናት አልፈዋል፣ ተመርምራለች፣ ሜዳ ላይ ነን። ለዚህ ነበር የመጣነው። እናቷ ፊቷን እያዩ ነው የጠየቋት።

ከነዚያ ሁሉ ደንቦች ውስጥ የጎዳን ይሄ ነው። ነዳጅ ከቤት መቅዳት ምንም አይደለም። ሳይቆሙ መንዳት ምንም አይደለም። ለሐበሻ ግን ሽርሽር ማለት ሌላ ቤተሰብ ማለት ነው። አንድ ትሪ ላይ ካልቀረበ፣ ጉርሻ ከሌለ፣ ሰዎቹ ምን ሊሠሩ ሄዱ? ብዙዎች ያን ሰመር አምስትና ስድስት ቤተሰብ ሆነው ሄደዋል። ውጭ ስለሆነ ችግር የለውም ብለው ከአንድ ትሪ በሉ፣ ማታ ድንኳን ውስጥ አንድ ላይ ካርታ ተጫወቱ። አልፈርድባቸውም። ባለቤቴ ግን ሥራ ላይ የምታያቸው «ዘመድ ብቻ ነበርን» የሚሉ ታማሚዎችን ነበር። እንደ እኔ ከሁሉም የከበደን ደንብ ከሁሉም ትክክለኛው ነው።

በማግሥቱ እኔና ጓደኛዬ በየመኪናችን ተከታትለን ወደ ሉዊስ ማውንቴን ወረድን። ጥቂት ማይል ነው። ትንሽ፣ ጸጥ ያለ ካምፕ ነው። በ1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ የተከለለ ነበር። በዚህ ሁሉ ተራራ ላይ ጥቁር ቤተሰብ ድንኳን መትከል የሚችለው እዚያ ብቻ። መለያየቱ ከፓርኩ የተነሳው እስከ 1950 ባለው ጊዜ ነው። ጥቁሩ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ከተገደለ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ወደ ተራራው ስንወጣ ባለፍንባቸው መንደሮች የኮንፌደሬት ባንዲራ፣ ለባርነት የተዋጉትን የደቡብ ስቴቶች ባንዲራ፣ አይተናል። ሁለታችንም በየመኪናችን በር ተደግፈን ቆምን። ጓደኛዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቨርጂኒያ ገዢ አልተሳደበም። «እነዚህ ደግሞ መንገድ ላይ የት ነበር የሚቆሙት?» አለ። ነዳጅ፣ ሽንት ቤት፣ ምግብ። ያን ጊዜ ጥቁር መንገደኛ ሁሉንም ከቤቱ ይዞ ነበር የሚወጣው፤ ማን እንደሚያስተናግደው አያውቅማ። መኪናችን ውስጥ ያለውን የልጄን ፖፖ አየሁት። የእኛ ክልከላ ጊዜያዊ ነው፤ ሁሉንም እኩል ለመጠበቅ የወጣ ነው። ከያኔው ጋር በምክንያትም ሆነ በግብ አይገናኝም። ግን አንድ አስፋልት ላይ ናቸው።

ከጉዞው ስንመለስ ሌላ ትዕዛዝ መጣ። የዋሽንግተን ዲሲ ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ከጁላይ 27 ጀምሮ ከፍተኛ ሥርጭት ካለባቸው ስቴቶች ለሚመለስ ሰው 14 ቀን ራስን ማግለልን አዘዙ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን አልተካተቱም። ተራራው እንደ ጓሮ ሆነልን ማለት ነው፤ ሰውም እንደ ጓሮው ተጠቀመበት። በ2020 ብሔራዊ ፓርኮች በአጠቃላይ የጎብኚ ቁጥራቸው ከ327 ሚሊዮን ወደ 237 ሚሊዮን ሲወርድ ሸናንዶዋ ግን ከቀደመው ዓመት በላይ ሰው አስተናገደ። ሩቅ መሄድ ያልቻለው ሁሉ ቅርቡን አጨናነቀ። ቦታ ማግኘት ከዚያ ወዲህ አልቀለለም፤ ቅዳሜ ፈልጎ ለማግኘት ስድስት ወር ቀድሞ ሰዓት ጠብቆ መጫን ነው።

አማቴ ወደ አገራቸው የተመለሱት ሆቴል ውስጥ መቆየቱ ቀርቶ የምርመራ ውጤት መያዝ ሲተካ ነው። ውጤት ይዞ መግባት፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ሰባት ቀን ከሰው መለየት። ሰባቱን ቀን ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ሲጠይቃቸው ስለ አሜሪካ ያወሩት ስለ ዋይት ሐውስ አልነበረም። ስለ ጫካው ሽንት ቤት ነው። መስተዋት አለው ብለው ቢምሉም ማንም አላመናቸውም።

አሁን በየሰመሩ በቡድን እንሄዳለን። መኪናው ብዙ ነው፣ ስፒከሩ ትልቅ ነው፣ ሬንጀሮች ማታ አራት ሰዓት ላይ መጥተው ዝም በሉ ይሉናል። ጓደኛዬ እሳት ዙሪያ ስንቀመጥ ያን የ14 ሌሊት ትዕዛዝ ሳያነሳ አይውልም። እኔም ስለ ተጎታች ቤት ነዋሪዎቹ ሳልነግረው አላልፍም። አልተስማማንም። ለነሐሴ ቦታ ይዘናል፤ በጉን አሳርዶ የሚያመጣው እሱ ነው።